ዲሹን ከመንካታችሁ በፊት



ቴሌቪዥን ሲጠፋ በየቤታችን የሚሆነው አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ሪሞት ይዞ ከሶፋው አይነሳም፤ ሌላው መሰላል ፈልጎ ጣሪያ ይወጣል። ከላይ «መጣ?» ይላል፤ ከታች «አልመጣም!» ይባላል። «አሁንስ?» «መጣ፣ መጣ… ኧረ ሄደ!» ሦስተኛው ሰው በመስኮት ብቅ ብሎ መልእክት ያቀባብላል። ይህን ያላየ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ዘዴው ከአንቴና ዘመን የወረስነው ነው፤ ያኔ ደግሞ ትክክለኛ ዘዴ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመታት ምስሉ ቤታችን የሚደርሰው ምድር ላይ ከተተከለ ማሰራጫ ነበር። ሞገዱ አግድም ስለሚመጣ አንቴናው ከፍ ባለ ቁጥር ከጎረቤት ግንብና ከባሕር ዛፉ በላይ ሆኖ ይቀበላል። ጥቂት ቢዞር ስክሪኑ ላይ በረዶ የመሰለው ነጠብጣብ ይበዛል እንጂ ምስሉ ድርግም ብሎ አይጠፋም። ጋራ ወይም ፎቅ መትቶ የሚመለስ ሞገድ ካለ ደግሞ ከዜና አንባቢው ጎን ጥላ የመሰለ ሌላ ዜና አንባቢ ይቆማል። ዓይን ሳሎን ሆኖ ያያል፣ እጅ ጣሪያ ላይ ሆኖ ይታዘዛል። ወደ ቀኝ ሲዞር በረዶው ከቀነሰ መንገዱ ወደ ቀኝ ነው። አንቴና ሰውን ይመራ ነበር።

ዲሽ አይመራም። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። ጣሪያችን ላይ ያለው ዕቃ ከተለወጠ ቆይቷል፤ እጃችን ግን እስከ ዛሬ አንቴና ነው የሚያዞረው። ከማያቸው የዲሽ ብልሽቶች ብዙዎቹ መጀመሪያ ትንሽ ነበሩ፤ ትልቅ የሆኑት ባለቤቱ መሰላል ከወጣ በኋላ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው። እዚያ ርቀት ላይ አንድ ዲግሪ ማለት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በብዙ ቤት ያለው ዲሽ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው እንበል፤ ጠርዙን ይዛችሁ አንድ ሴንቲ ሜትር ብትገፉት ከአንድ ዲግሪ በላይ ዞሯል። ዲሹ በደንብ የሚያየው የሰማይ ክፍል ደግሞ በአጠቃላይ ሁለት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ ጣት ስፋት ግፊት ጥሩ ሥዕል የነበረውን ቤት «ኖ ሲግናል» ላይ ለመጣል ይበቃል።

በዚያ ላይ ሥርጭቱ ዲጂታል ነው። በአንቴና ጊዜ የነበረው ረጅም የበረዶ ጎዳና እዚህ የለም። ምስሉ አለ፣ ወይም የለም። በመካከል አንዲት ጠባብ ቦታ አለች፤ እዚያ ላይ ምስሉ ይቆራረጣል፣ የሰው ፊት ወደ ትንንሽ ሳጥን ይለወጣል፣ ድምፁ ይንተባተባል። ከዚያ ወዲያ ጥቁር ነው። ሪሲቨሩ ደግሞ ሲግናሉን አግኝቶ ምስል ለማውጣት ጥቂት ሰከንዶች ይፈልጋል። ጣሪያ ላይ ያለው ሰው ዲሹን እያወዛወዘ «መጣ?» ሲል፣ ትክክለኛውን ቦታ ነክቶ አልፎት ሊሆን ይችላል፤ ምስሉ ለመምጣት ጊዜ አላገኘም እንጂ። እንዲህ ሆኖ ነው ግማሽ ቀን ሙሉ የሚዞረው።

አሁን ወደየት ነው የምናየው? ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አብዛኞቹ የአገራችን ቻናሎች ኢትዮሳት በምንለው መድረክ ላይ ናቸው። ሳተላይቱ ኤንኤስኤስ 12 ይባላል፤ የሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ ኩባንያ ንብረት ነው፤ ቦታው 57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ከሲሸልስ በስተ ሰሜን በሕንድ ውቅያኖስ አናት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ቤት ወደ ናይልሳት ያይ ነበር፤ እሱ ያለው 7 ዲግሪ ምዕራብ፣ በአትላንቲክ በኩል ነው። አዲስ አበባ ላይ ሆናችሁ ናይልሳትን ለመያዝ ዲሹ ወደ ምዕራብ ዞሮ ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ቀና ይላል። ኢትዮሳትን ለመያዝ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ጋደል ብሎ፣ 66 ዲግሪ ያህል ሽቅብ ማየት አለበት። ጋምቤላ ላይ ከፍታው ወደ 62 ይወርዳል፤ ድሬዳዋ ላይ ወደ 69 ይጠጋል።

ይህ 66 ዲግሪ የሚባል ነገር ትልቅ ትርፍ አለው፤ ብዙ ሰው ግን አልተጠቀመበትም። ዲሹ የሚያየው ሽቅብ ስለሆነ ከፊቱ አራት ሜትር ርቆ የቆመ ግንብ ሊከልለው የሚችለው ከዲሹ ዘጠኝ ሜትር ያህል ከበለጠ ብቻ ነው። ስለዚህ በስተ ምሥራቅ በኩል ሰማይ የሚታይበት ግቢ ካላችሁ ዲሹ መሬት ላይ፣ ሲሚንቶ ውስጥ በተተከለ አጭር ብረት ላይ ቢቀመጥ ምንም አይጎድልበትም። ጣሪያ ላይ ቢወጣ ወደ ሳተላይቱ የሚቀርበው ከ35 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ በሦስት ሜትር ነው! የሚያተርፈው ነፋስ ነው። ነፋስ ያወዛውዘዋል፣ ብሎኑ ይላላል፣ የቆርቆሮው ሚስማር ቀዳዳ ይሰፋል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ይወጣል። «ከፍ ይበል» የሚለው ከአንቴና የወረስነው ነው፤ እባካችሁ እንተወው። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው እርግጥ ምርጫው ጠባብ ነው፤ በረንዳችሁ ወደ ምዕራብ ከሆነ ሕንፃው ራሱ ይከልላችኋልና ከጣሪያ ሌላ መውጫ የለም።

እንግዲህ ቴሌቪዥኑ ጠፋ። የመጀመሪያው ሥራ መቀመጥ ነው። ሪሞቱን አንሱ፣ የሪሲቨሩን ሜኑ ክፈቱ፣ ቻናል የሚፈለግበት ገጽ ላይ ግቡ። ከታች ሁለት ዘንጎች ታያላችሁ፤ አንዱ ስትሬንግዝ፣ ሌላው ኳሊቲ ይባላል። እነዚህን ሁለት ዘንጎች ለይቶ የሚያነብ ሰው ከአሥር ብልሽት ሰባት ስምንቱን ከሶፋው ሳይነሳ ቦታውን ያውቃል ብል አላጋነንሁም።

ልዩነታቸውን እንዲህ አስቡት። መርካቶ መሃል ቆማችኋል። ጆሯችሁ ውስጥ የሚገባው ጫጫታ ስትሬንግዝ ነው። በዚያ ጫጫታ መሃል አንድ ሰው ስማችሁን ሲጠራ አጥርታችሁ መስማታችሁ ኳሊቲ ነው። ጫጫታው ብዙ ሆኖ ስማችሁ ላይሰማ ይችላል። ለምስል የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው።

ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ጫጫታው ራሱ ከሪሲቨሩ አልደረሰም ማለት ነው። ይህ የዲሽ መዞር አይደለም። ዲሹ ወደ ባዶ ሰማይ ቢያይ እንኳ ኤልኤንቢው፣ ማለትም ከዲሹ ፊት ሆኖ ሞገዱን የሚቀበለው ዕቃ፣ እየሠራ ከሆነ ስትሬንግዙ ላይ የሆነ ነገር ይታያል። ስለዚህ የምትጠረጥሩት ኬብሉን፣ ኮኔክተሩን፣ ኤልኤንቢውን ወይም ራሱን ሪሲቨሩን ነው። ስትሬንግዙ ቆሞ ኳሊቲው ዜሮ ከሆነ ግን መስመሩ ደህና ነው፤ ወይ ዲሹ ዞሯል፣ ወይ አንድ ነገር ከልሎታል፣ ወይ የተሞላው ፍሪኩዌንሲ ትክክል አይደለም። ቻናሎች ፍሪኩዌንሲ እንደሚቀይሩ አትርሱ፤ አንድ ቻናል ብቻ ጠፍቶ ሌላው ሁሉ ካለ ቤታችሁ ውስጥ የተበላሸ ነገር ላይኖር ይችላል፤ አዲሱን ፍሪኩዌንሲ ሞልቶ ስካን ማድረግ ይበቃል። ሕፃን ልጅ ሪሞት ነክቶ የስዊቹን፣ ማለትም ሁለት ኤልኤንቢ ከአንድ ኬብል ጋር የሚያገናኘውን ዕቃ፣ ቁጥር ቀይሮ ቤት ሙሉ ቻናል ሲጠፋም አይተናል። በሁለት ኤልኤንቢ የምታዩ ሰዎች የትኛው ሳተላይት በስዊቹ ስንተኛ ቀዳዳ ላይ እንደገባ ጽፋችሁ ከሪሲቨሩ ሥር ለጥፉት። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሰውን የሚያደናግረው ግማሹ ቻናል ጠፍቶ ግማሹ ሲኖር ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሪክ ነው። ኬብሉ ምስል ወደ ታች ብቻ አያወርድም፤ ሪሲቨሩ በዚያው ሽቦ ወደ ኤልኤንቢው ኃይል ይልካል። 13 ቮልት ሲልክ ኤልኤንቢው ሽቅብና ቁልቁል የሚወዛወዘውን ሞገድ ይቀበላል፤ 18 ቮልት ሲልክ አግድም የሚወዛወዘውን። በኬብሉ ርዝመትና ቅጥነት ወይም በሪሲቨሩ ድካም ምክንያት 18 ሆኖ የተነሳው ወርዶ ቢደርስ ኤልኤንቢው ትእዛዙን አይለየውም፤ አግድሞቹ ቻናሎች በሙሉ ይሰወራሉ። በጋራ የምታዩ ጎረቤቶች ይህን በደንብ ስሙኝ። አንድ መውጫ ያለውን ኤልኤንቢ በስፕሊተር ለሁለት ቤት ከከፈላችሁት አንደኛው ሪሲቨር 13፣ ሌላኛው 18 ሊልክ ይችላል። እናንተ ኳስ እያያችሁ ወይዘሮ ጎረቤት ድራማ ሲከፍቱ ኳሱ ይጠፋል። በዚህ ሳቢያ የተኳረፉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ሁለቱም አላጠፉም። መፍትሔው ባለ ሁለት መውጫ ኤልኤንቢ ገዝቶ ለእያንዳንዱ ቤት የራሱን ኬብል መሳብ ነው።

አሁን ሁለቱም ዘንጎች ዜሮ ወደሆኑበት ቤት እንመለስ፤ ብዙ ብልሽት የሚገኘው እዚያ ነው። መጀመሪያ ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉ። ይህን የማሳስበው በምክንያት ነው፤ ኬብሉ ውስጥ ኃይል እያለ ሽቦው ከሽቦ ጋር ከተነካካ የሪሲቨሩ የኃይል ክፍል ሊቃጠል ይችላል። ከነቀላችሁ በኋላ ከሪሲቨሩ ጀርባ ኮኔክተሩን ፍቱና ብርሃን ላይ ያዙት። መሃል ላይ አንድ የመዳብ ሽቦ ብቅ ብሎ ይታያል። በዙሪያው ነጭ ፕላስቲክ አለ፣ ከዚያ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ቀጭን የሽቦ መረብ፣ ከዚያ የውጭው ልብስ። መረቡ ወደ ኋላ ተገልብጦ በኮኔክተሩ ብረት ሥር መያዝ አለበት። ከዚያ መረብ አንዲት ብቻ፣ ከጸጉር ብዙም የማትወፍር ሽቦ አፈትልካ መሃለኛውን መዳብ ከነካች ጠቅላላ ነገሩ አበቃ። ዓይን አያያትም፤ በጥፍር ዙሪያውን ዳስሱት። ብዙ ጊዜ ቤት ሲጠረግ ወይም ቲቪው ሲገፋ የምትወጣ ነገር ናት።

በዲሹ በኩል ያለው ጫፍ ደግሞ ጠላቱ ውሃ ነው። ያን ኮኔክተር ስትፈቱ መዳቡ ቀላ ብሎ ካንጸባረቀ ደህና ነው። ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ይዞ ካያችሁት ውሃ ገብቶበታል። በዚህ ጊዜ መጥረግ ብቻ አይበቃም፤ ውሃው በመረቡ ተስቦ ወደ ውስጥ ይሄዳልና ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ድረስ በየስንዝሩ እየቆረጣችሁ አዲስ ኮኔክተር ግጠሙ። ፕላስተር ጠምጥሞ መተው የተለመደ ነው፤ የበጋ ፀሐይ ግን ሙጫውን ያደርቀዋል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ወዲያ ውሃ ማጠራቀሚያ ይሆናል። የላስቲክ ቆብ ያለው ኮኔክተር ይሻላል። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊትም ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ ታጥፎ እንደገና ሽቅብ ይግባ፤ ዝናቡ እጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ግድግዳ ውስጥ አይገባም።

ኬብሉ ደህና መሆኑን የምታረጋግጡበት አንድ መንገድ አለ፤ እኔ ከሁሉም የማምነው እሱን ነው። አጭር አዲስ ኬብል ተዋሱ፣ ሪሲቨሩንና ትንሽ ቲቪ ወደ ዲሹ አጠገብ አምጡ፣ በቀጥታ አገናኙ። ሲግናሉ ከመጣ ጥፋተኛው ረጅሙ ኬብል ነው። ካልመጣ የጎረቤት ሪሲቨር ሞክሩ። አሁንም ካልመጣ የቀረው ኤልኤንቢው ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ እዩ፣ ከዚያ ሌላውን። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው ቢሳካለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ ሁለቱንም ይከፍላል። አንድ ዘመዴ ቤት የመጣ ባለሙያ ኤልኤንቢ፣ ስዊችና ሪሲቨር አንድ ላይ አስገዝቶ ሄዷል፤ የወጣው አሮጌ ኤልኤንቢ ግን ሌላ ቤት ላይ ተገጥሞ እስካሁን ይሠራል።

ኤልኤንቢውን ስታዩ የፊቱን ክዳን ተመልከቱ። ፀሐይ የፕላስቲኩን ክዳን ከሰነጠቀው ውሃ ይገባል፤ አንዳንዴ ተርብ ቤቷን ትሠራበታለች። ማለዳ ጤዛ ሳለ ጠፍቶ ረፋድ ላይ የሚመለስ ሥዕል ውስጡ እርጥበት እንዳለ ይናገራል። ስለዚህ ብልሽቱ በምን ሰዓት እንደሚመጣ ልብ በሉ፤ «አንዳንዴ ይጠፋል» ከሚል ሰው «ሁልጊዜ ማለዳ ይጠፋል» የሚለው ባለሙያውን የበለጠ ይረዳል።

ስለ ዝናብ ብዙ አልልም። ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ መጥፋቱ ብልሽት አይደለም፤ የሞገዱ ርዝመት ሦስት ሴንቲ ሜትር ስለማይሞላ የዝናብ ጠብታ ይበትነዋል፣ ይውጠዋልም። ኢትዮሳት ሽቅብ ስለሚታይ ሞገዱ ዝናቡን የሚያቋርጠው በአጭሩ ነው፤ የናይልሳቱ ይበልጥ ጋደል ብሎ ስለሚመጣ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል የሚረዝም ዝናብ ያቋርጣል። ካፊያ በጣለ ቁጥር የሚጠፋባችሁ ከሆነ ግን ጥፋቱን ዝናቡ ላይ አትጣሉ። ያ ዲሽ ድሮም በደንብ አልተቃኘም፤ በበጋም የሚያሳየው ጫፍ ላይ ቆሞ ነው።

ከዝናብ ይልቅ የሚገርመኝ ፀሐይ ናት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሌሊትና ቀን እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። ዲሹ በዚያች ሰዓት ሳተላይቱንና ፀሐይን በአንድነት ስለሚያይ የፀሐይዋ የሬዲዮ ጩኸት ሲግናሉን ይውጠዋል፤ ሥዕሉ ለጥቂት ደቂቃ ይደክማል ወይም ይጠፋል። አዲስ አበባ ላይ ለኢትዮሳት ይህ የሚውለው በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት የመጀመሪያው ሳምንት አካባቢ ነው፤ ሰዓቱ ረፋዱ ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር 5 ሰዓት ገደማ። ለጥቂት ቀናት በዚያው ሰዓት ይደጋገምና ያልፋል። በዚያ ሰዓት መሰላል የሚያነሳ ሰው ደህናውን ዲሽ ሊያበላሽ ነው የሚወጣው።

ይህችው ሰዓት ግን ገንዘብ የማይጠይቅ መለኪያ ትሰጣችኋለች። በመስቀል ሰሞን፣ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ፣ ወጥታችሁ ዲሹን ተመልከቱት። ፀሐይዋ ያለችበት ቦታ ሳተላይቱ ያለበት ነው። ዲሹ ላይ የቅጠል ጥላ ካረፈ ሲግናላችሁን የሚከልለው ያ ዛፍ ነው፤ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚቆረጥም ጥላው ራሱ ያሳያችኋል። አዲስ ዲሽ የት ልትከል የሚል ሰውም በዚያ ሰዓት ግቢውን ይዙር፤ ፀሐይ ያገኘው ቦታ ሁሉ ይሆነዋል።

ሁሉን አጣርታችሁ በእርግጥ የዞረው ዲሹ ሆኖ ከተገኘ፣ ማንኛውንም ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት በማይለቅ ቀለም ዲሹና ብረቱ የሚገናኙበት ላይ መስመር አስምሩ። ያ መስመር የመመለሻ መንገዳችሁ ነው። በስልክ ኮምፓስ የምትጠቀሙ ከሆነ ከብረቱና ከቆርቆሮው ፈቀቅ ብላችሁ ለኩ፤ ብረት ኮምፓሱን ያሳስተዋል። ኤልኤንቢው ከታች በኩል በክንድ የተያዘበት ዲሽ ከሆነ ደግሞ ዓይናችሁን አትመኑ፤ እንዲህ ያለው ዲሽ የሚቀበለው ፊቱ ከሚያይበት 25 ዲግሪ ያህል ከፍ ካለ ቦታ ስለሆነ ለ66 ዲግሪ የተቃኘው ወደ 40 ብቻ ያየ ይመስላል። አንድ ሰው ኳሊቲውን እያየ ቁጥሩን በስልክ ይጥራ። «መጣ» አይበል፤ «32፣ 35፣ 41» ይበል። ላይ ያለው በትንሹ ይግፋ፣ አምስት ሰከንድ ይጠብቅ፣ እንደገና ይግፋ። ቁጥሩ ከፍ ብሎ መውረድ ሲጀምር ወደ ኋላ ይመለስ። በመጨረሻ ኤልኤንቢውን በማሰሪያው ውስጥ ቀስ አድርጎ ያሽከርክረው፤ እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀጥ ብሎ ከተሰካበት ብዙ መዞር ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ብሎኑም ሲጠብቅ ዲሹን ይስበዋልና እያጠበቃችሁ ቁጥሩን ስሙ።

አንድ ነገር ደግሞ ያለ ምንም ማመንታት እናገራለሁ። ከዲሹ በላይ ወይም አጠገብ የመብራት ሽቦ ካለ፣ ቆርቆሮው እርጥብ ከሆነ፣ ሰማዩም እያጉረመረመ ከሆነ አትውጡ። ረጅም ብረት ይዞ ሽቦ ሥር መቆም ለኳስም ለድራማም የሚከፈል ዋጋ አይደለም። መብረቅ ሲበዛ ኬብሉን ከሪሲቨሩ ነቅላችሁ ተቀመጡ።

ባለሙያ ስትጠሩም «ዲሹ ተበላሽቷል» ብላችሁ አትጥሩት። «ስትሬንግዙ 70 ነው፣ ኳሊቲው ዜሮ ነው፣ ሁሉም ቻናል ነው የጠፋው፣ ማክሰኞ ከነበረው ነፋስ ወዲህ ነው» በሉት። መሰላል ይዞ ይመጣል እንጂ የኤልኤንቢ ካርቶን ይዞ አይመጣም። ዕቃ ከቀየረም አሮጌውን እዚያው እንዲተውላችሁ ጠይቁ።

ጠረጴዛው ላይ ሪሲቨርና ትንሽ ቲቪ አብርቻለሁ፤ ኬብሉ በመስኮት ወጥቶ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ካስቀመጥነው ዲሽ ጋር ተገናኝቷል። ሁለቱን ዘንጎች ማየት የምትፈልጉ ቅረቡ። ከየቤታችሁ የተቆረጠ ኬብልና አሮጌ ኮኔክተር ያመጣችሁም አላችሁ፤ ከእነሱ እንጀምራለን፤ መጀመሪያ ግን ሪሲቨሩን ከሶኬት ልንቀለው።